የፀረ እንግዳ አካል መመርመሪያችን ስለ ዘገየበት ምክንያት ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

የአዲሱን ኮሮና ቫይረስ (የኮቪድ-19) የደም መመርመሪያ ካዘዛችሁን ጊዜ ጀምሮ «መቼ ይደርሰናል?» እያላችሁ ደጋግማችሁ ጠይቃችሁናል። ታካሚ ፊታችሁ ቆሞ መልስ ሲጠብቅ መታገሥ ምን ያህል እንደሚከብድ እናውቃለን። የዘገየንበትን ምክንያት ሳንሸፋፍን እንንገራችሁ።

መመርመሪያውን መሥራቱ ብዙ አላስቸገረንም። የቫይረሱ የዘረ መል ቅደም ተከተል እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ይፋ ስለሆነ የቫይረሱን ፕሮቲን በላቦራቶሪ ማዘጋጀት ተችሏል። ፕሮቲኑን በፕላስቲክ ሳህን ጉድጓዶች ውስጥ እናጣብቃለን፤ የታካሚውን ሴረም (ከደሙ የሚለየውን ፈሳሽ ክፍል) እንጨምራለን፤ ፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት የገባበትን ቫይረስ ለመዋጋት የሚያዘጋጀው ፕሮቲን) ካለ ከቫይረሱ ፕሮቲን ጋር ይያያዛል፤ ከታጠበ በኋላም ኢንዛይም የተሸከመ ሌላ ፀረ እንግዳ አካል ሲጨመር ቀለም ይወጣል። ኤላይዛ የሚባለው ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የታወቀ ነው።

ያስጨነቀን ቀለሙ መውጣት በሌለበት ጉድጓድ መውጣቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 በፊት ተቀድቶ በማቀዝቀዣ የቆየ ደም ይህን ቫይረስ ሊያውቀው አይችልም። ሆኖም ከእነዚህ ናሙናዎች ጥቂቶቹ ቀለም ሰጡ። ተራ ጉንፋን የሚያስይዙ አራት ኮሮና ቫይረሶች በሰው ልጆች መካከል ለረጅም ጊዜ ሲዘዋወሩ ኖረዋል፤ ለእነርሱ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል የአዲሱን ቫይረስ ውስጠኛ ፕሮቲንም ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ያንን ፕሮቲን ትተን፣ በቫይረሱ ገጽ ላይ ካለው እሾህ መሰል ፕሮቲን ቫይረሱ ከሰው ሴል ጋር የሚጣበቅበትን ጫፍ መረጥን። ይህ ክፍል ከአራቱ ቫይረሶች ጋር ያለው መመሳሰል አነስተኛ ነው። ነገር ግን ቅርጹንና የስኳር ሽፋኑን እንዲይዝ በባክቴሪያ ፈንታ በእንስሳት ሴል ውስጥ ማምረት ይኖርብናል፤ ይህም ቀስ ያለ ሥራ ነው።

ጥቂት ስሕተት ምን ያደርጋል የምትሉ ካላችሁ ይህን አስሉት። ከ1000 ሰዎች 10ሩ ብቻ ተይዘው ነበር እንበል። መመርመሪያው አንድም የተያዘ ሰው ባያመልጠው፣ ነገር ግን ካልተያዙት ከ100 አምስቱን በስሕተት «አለበት» ቢል፣ ወደ 60 ሰዎች አዎንታዊ ውጤት ይዘው ይሄዳሉ። ከእነዚህ 50ዎቹ ቫይረሱ ጨርሶ ነክቷቸው አያውቅም። ከ1000ዎቹ 200ው ተይዘው ቢሆን ኖሮ ግን በስሕተት የሚቆጠሩት 40 ብቻ በሆኑ ነበር። መሣሪያው ያው ነው፤ የውጤቱ ክብደት ግን በሽታው ምን ያህል እንደተስፋፋ ይለያያል። እባካችሁ ይህን ለሐኪሞቻችሁ ንገሩልን።

መመርመሪያው ሲደርሳችሁ አሁን የታመመን ሰው ለመለየት አትጠቀሙበት። ምልክት በታየበት የመጀመሪያ ሳምንት የብዙዎች ደም ገና ፀረ እንግዳ አካል አያሳይም፤ አብዛኞቹ ላይ የሚታየው ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። አሁን የታመመን ሰው ለመለየት በአፍንጫና በጉሮሮ ናሙና ውስጥ የቫይረሱን ዘረ መል የሚፈልገው ፒሲአር የተባለው ምርመራ አለ።

«ከእንግዲህ አይዘውም» የሚል የምስክር ወረቀት ከመመርመሪያው ጋር እንድናዘጋጅ የጠየቃችሁን አላችሁ። ይህን አናደርግም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. አፕሪል 24 ቀን 2020 እንዳስታወቀው፣ ፀረ እንግዳ አካል ያለው ሰው ዳግመኛ እንደማይያዝ የሚያረጋግጥ ማስረጃ እስከዚያ ጊዜ ድረስ አልነበረም። በእኛ ወረቀት ተማምኖ አረጋዊት እናቱን የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ኃላፊነቱ የእኛ ነው።

ቅድሚያ የከፈላችሁና መጠበቅ የማትችሉ ገንዘባችሁን ሙሉ በሙሉ እንመልሳለን። ለምትጠብቁን ደግሞ ከመጀመሪያው ጭነት ጋር በስንት የቆዩ ናሙናዎች እንደፈተንነውና በስንቱ እንደተሳሳተ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ እንልካለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የላቦራቶሪው ባልደረቦች