ከመቅደላ የሄደው ቀሚስ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ መቅደላ ቅርሶች ባወጣችሁት ጽሑፍ ዘውዱና የብራና መጻሕፍቱ ሰፊ ቦታ ሲያገኙ፣ ልብሱ በአንድ ዐረፍተ ነገር መታለፉ ቅር አሰኝቶኛል። የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ መሆኑ የሚነገርለት፣ በሐር ክር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ፣ የእንግሊዝ ጦር በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አምባውን ከያዘ በኋላ ተወስዶ ዛሬ በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ዘውድ የነጋሢውን ክብር ይናገራል፤ ቀሚስ ግን ከለበሱት እቴጌ ሌላ ጥጡን ባዝታ በእንዝርት የፈተለችውን፣ ድርና ማጉን ያገናኘውን ሸማኔና ጥልፉን ያሳመረውን እጅ ጭምር ይዞ ይኖራል።

በውሰት ይምጣ ወይስ ለዘለቄታው ይመለስ የሚለው ክርክር እንዳለ ሆኖ (እኔ ለዘለቄታው ከሚሉት ነኝ)፣ ሐርንና ቀለምን ብርሃን ስለሚያደበዝዛቸው እንዲህ ያለ ልብስ ዓመቱን ሙሉ ለዕይታ ሊሰቀል አይችልም። ስለዚህ ሙዚየሙ የጥልፉንና የስፌቱን የቅርብ ፎቶግራፍ ከነልኬቱና ከአማርኛ መግለጫ ጋር አዘጋጅቶ ለወሎ ሸማኔዎችና ጠላፊዎች ቢልክ፣ ባለሙያዎቻችን ክሩን ተከትለው አሠራሩን ማንበብ ይችላሉ። ጋዜጣችሁም ይህንን ጥያቄ ቢያቀርብልን እንወዳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከደሴ