በቀቀን ለማልመድ ሲሪንጅ አያስፈልግም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ቤት እንስሳት ባወጣችሁት ጽሑፍ ውስጥ በቀቀን ሰው እንዲለምድ ገና ላባ ሳያወጣ ከእናቱ ወስዶ በእጅ ማብላት ነው የሚል ምክር አለ። እዚያ ስደርስ ቡናዬን አስቀመጥኩ። ይህን ሥራ እኔ ሠርቼዋለሁ፣ ያውም ሳልጠየቅ።

ሻርጃ ሰው ቤት ስሠራ ማዳም አንድ ቀን በካርቶን ጫጩት ይዛ መጣች። ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን ነው፣ እዚያ ካስኮ ይሉታል። ላባ የለው ምን የለው፣ ሲርበው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይጮሃል። ሻጩ አንድ ጣሳ ዱቄትና አንድ ሲሪንጅ ጨምሮላታል። «በቀን አራት ጊዜ» አለችኝና ገባች። ትምህርቱ በቃ ይኸው ነበር።

የሚበጠበጠው ምግብ ሙቀቱ 40 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ አለፍ ካለ አንገቱ ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት ያቃጥለዋል፣ ከቀዘቀዘ ደግሞ አይወርድለትም፣ እዚያው ይሆመጥጣል። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው፤ ያኔ እንደ ሕፃን ጡጦ ክንዴ ላይ ጠብ አድርጌ ነበር የምለካው። አንድ ማታ እንግዳ ነበር፣ ቸኮልኩና ሲሪንጁን ገፋ ሳደርገው ምግቡ በአፍንጫው ወጣ፣ ትንፋሹም ሲር ሲር ማለት ጀመረ። ወደ ሳንባው ገብቶ ኖሯል። ጠዋት ደርቆ አገኘሁት። ማዳም ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ሁለተኛውን ግን አሳደግኩት። እውነቱን ለመናገር ለመደኝ፣ ትከሻዬ ላይ ያንቀላፋ ነበር። ካደገ በኋላ ነው ጉዱ የመጣው። ከክፍል ስወጣ ይጮሃል፣ ሰው ሲጠጋኝ ይናከሳል፣ የደረቱን ላባ ራሱ እየነቀለ የተነጨ ዶሮ መሰለ። ጥንዱ አድርጎ ቆጥሮኝ ነበር መሰለኝ። ሌላ በቀቀን ሲያመጡለት ደግሞ ጥግ ይዞ ተንቀጠቀጠ፤ ወፍ መሆኑን ማን ነግሮት ያውቃል?

ከወላጆቹ ጋር ቢሆን መጀመሪያ አባት ለእናት ያጎርሳል፣ እናት ለጫጩቷ፣ ኋላ ሁለቱም ይተጋገዛሉ። ካስኮ ራሱን ችሎ እስኪበላ ሦስት አራት ወር ይፈጃል፣ እስከዚያ ቴርሞሜትር የለ ሰዓት የለ።

«ታዲያ ሰው አይለምድማ» የሚለኝ አይጠፋም። ካሊፎርኒያ ውስጥ የዴቪስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አማዞን በሚባለው የበቀቀን ዝርያ ሞክረውት እ.ኤ.አ. በ1999 ውጤቱን አውጥተዋል። ጫጩቶቹን ጎጆአቸው ውስጥ ከወላጆቻቸው ጋር ተዉአቸው፣ ግን በየቀኑ ለአጭር ጊዜ እያወጡ በእጃቸው ያዝ ያዝ አደረጓቸው። ለመዱ። ሆላንድ ውስጥ ደግሞ የበቀቀን ጫጩት ከወላጆቹ የሚለይበት ዝቅተኛ ዕድሜ በሕግ ተወስኗል።

በእጅ ማብላት ጨርሶ አይደረግ አላልኩም። ወላጆቹ ከሞቱ ወይም ከጣሉት ምን ይደረጋል፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ያበላዋል። ለገበያ ሲባል ግን ሌላ ነው፤ ገዢው ፍቅር እየገዛ ይመስለዋል፣ ሻጩ የሁለት ወር ድካሙን ነው ያሸከመው። ጫጩት የሚገዛ ካለ ጫጩቱ ፍሬ ራሱ ፈልፍሎ ሲበላ በዓይኑ ሳያይ ብር አይቁጠር። እናንተም እባካችሁ ያቺን ምክር በሚቀጥለው እትም አርሟት፣ አንብቦ ሲሪንጅ ሊገዛ የወጣ ሰው ይኖራል።

አንባቢያችሁ