የልብሱን ዝርዝር ሳንገዛ በፊት

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ለሠርጉ የጻፍሽው የልብስ ዝርዝር ለእኔም ለንደን፣ ለጋሼም አሜሪካ ቨርጂኒያ ደርሶናል። በእንግሊዝኛ ስለጻፍሽውና እዚያ ገበያ የሚወጡት የጋሼ ልጆች ስለሆኑ፣ ሳይገዛ በፊት ይህን አስተካክይ።

«ፓንትስ» እዚህ ልክ እንደ እኛው አገር ፓንት የውስጥ ልብስ ነው። አሜሪካ ግን ሱሪ ማለት ነው፤ ስድስት ፓንትስ ብለሽ ብትልኪላቸው ስድስት ሱሪ ይመጣልሻል። ለሙሽራው «ቬስት» ያልሽውን እነሱ በትክክል ሰደሪያ ይገዛሉ። እኔ ዘንድ ግን ቬስት ከሸሚዝ ስር የሚለበስ እጅጌ የሌለው ካናቴራ ነው፤ ሰደሪያውን «ዌስትኮት» ነው የሚሉት። ከሁሉም የሚያሳፍረው «ሰስፔንደርስ» ነው። አሜሪካ ሱሪን በትከሻ የሚይዘው ማንጠልጠያ ሲሆን፣ እንግሊዝ የሴት ስቶኪንግ መያዣ ነው። እዚህ የወንዱ «ብሬስስ» ይባላል። «ጀምፐር» ደግሞ ለንደን ሹራብ፣ አሜሪካ ከሸሚዝ በላይ የሚጠለቅ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ነው፤ ለእማዬ ሹራብ ከፈለግሽ «ስዌተር» በይ፣ ሁለታችንም ዘንድ ያስኬዳል።

የለንደኖቹ ልጆች በስልክ «ክሬፕስ» ቢሉሽ የለንደን አራዳ ቋንቋ ነው፣ ስኒከር ማለታቸው ነው፤ የአሜሪካዎቹ «ኪክስ» ይሉታል። ወገብ ላይ የሚታሰረውን ቦርሳ አሜሪካኖች «ፋኒ ፓክ» ይሉታል። የመጀመሪያው ቃል እንግሊዝ ውስጥ የሴት ኀፍረተ ሥጋ የሚጠራበት ብልግና ስለሆነ፣ እዚህ የምትልኪው ወረቀት ላይ «በም ባግ» ብለሽ ጻፊ።

ቁጥሩ ከስሙ ይብሳል። የሴት ቀሚስ የእንግሊዝ 12 የአሜሪካ 8 ነው። እዚያ 12 ብለሽ ካዘዝሽ የእዚህ 16 ይመጣል፤ ሰፊ ነው፣ ለሠርግ አይሆንም። የሴት ጫማ 38 ቁጥር እዚህ 5፣ አሜሪካ ብዙውን ጊዜ 7 ነው። የወንድ ስኒከር እንደ ኩባንያው ነው፤ የእንግሊዝ 8 በናይክ የአሜሪካ 9፣ በአዲዳስ 8 ተኩል ይሆናል። ስለዚህ ቁጥሩን ተይውና እግራቸውን ለኪ። ማታ ላይ፣ እግር ትንሽ ሲያብጥ፣ ተረከዛቸውን ግድግዳ አስነክተው ወረቀት ላይ ይቁሙ፤ ረጅሙ ጣት የደረሰበትን አመልክተሽ በሴንቲሜትር ለኪ። ሁለቱንም እግር ለክተሽ ትልቁን ያዢ። ለሕፃናቱ 1 ሴንቲሜትር ያህል ማደጊያ ጨምሪ።

የወንዶቹ ሱሪ አያሳስብሽ፤ ወገቡም ቁመቱም በሁለቱም አገር በኢንች ነው፣ 32 በ34 ያልሽው ይበቃል። ሌላውን በአማርኛ ስሙ ከልኩ ጋር ጽፈሽ ለሁለታችንም ላኪ። እማዬን ሳሚልኝ።

እህትሽ፣ ከለንደን