የእማማ የጉልበት ራጅ

ልጄ፣

ስትደውዪ እማማ «ደህና ነኝ» ቢሉሽም ያለፉት ሦስት ወራት ከባድ ነበሩ። አሁን ስላለፈ፣ አንቺም ዘንድሮ የጥርስ ታካሚ ማየት ስለጀመርሽ፣ ሁሉንም ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ ቡና ላይ ቆሎ መቆርጠም ተዉ። 78 ዓመት ሆኗቸው የለ ብለን አለፍነው። ከዚያ ግራ ጆሯቸው ሥር ያማቸው ጀመር፤ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳቸውና የኋላ ጥርሳቸውን ነቀሉላቸው። ሕመሙ ግን አልለቀቃቸውም። ከጆሯቸው ፊት ጠጠር ያለ እብጠት ወጣ፤ ጎረቤት «ጆሮ ደግፍ ነው» አለ። እኔን ያስደነገጠኝ አፋቸውን ሲከፍቱ አገጫቸው ወደ ታመመው ጎን መሄዱ፣ ሲዘጉም ጥርሳቸው እንደ ድሮው አለመግጠሙ ነው።

ሲቲ ስካኑ ላይ የመንጋጋቸው መገጣጠሚያ ነጭ ጠጠር የተከመረበት ይመስል ነበር፤ አጥንቱም ተበልቷል። ዕድሜዬን ሙሉ ራጅ ሳነሳ ኖሬ፣ ያን ስመለከት ከካንሰር ሌላ አልታየኝም። ከልም አጥንቱ የተነሳ ይሆን? ወይስ ከጡት ወይ ከሳንባ የመጣ? ለእማማ አልነገርናቸውም። ጥፋት ነበር፤ ከፊታችን ላይ አንብበውታል።

ቀዶ ሐኪሟ ካንቺ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ናት፤ አልቸኮለችም። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ሲያበጥሩ የራስ ቆዳ ሕመም፣ የዓይን መደብዘዝ እንዳለ ጠየቀቻቸው። በዚህ ዕድሜ ሲያኝኩ መንጋጋን የሚያመው ከግንባር ጎን ያለው የደም ሥር ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ከዘገየ ዓይን ያጠፋል። ይህን አስተውዪ። የደም ምርመራው ግን ደህና ነበር። ቀጥላ «ሌላ የሚያምዎት መገጣጠሚያ አለ?» አለቻቸው። እማማ ጉልበታቸውን አሳዩ።

ጉልበታቸው በየጊዜው ሲያብጥ ሪህ ነው እያልን ቅባት እንቀባ አልነበር? ቤት ሮጬ ከቁም ሣጥኑ የዛሬ አራት ዓመት ራሴ ያነሳሁትን ፊልም አወጣሁ። መስኮቱ ላይ ያዝኩት። በሁለቱ አጥንቶች መካከል፣ ልም አጥንቱ ውስጥ፣ ቀጭን ነጭ መስመር አለ፤ የካልሲየም ክሪስታል። ያኔም አይቼዋለሁ። እርጅና ነው ብዬ ነው ያለፍኩት።

ያ መስመር ብቻውን አያረጋግጥም፣ ናሙና ያስፈልጋል። ደስ ያለኝ ደግሞ ይህ ነው፤ ሐኪሟ አስቀድማ ናሙናውን ለሚመረምረው ሐኪም፣ ለፓቶሎጂስቱ፣ ደውላ ከናሙናው ጥቂቱ አሲድ እንዳይነካው ለመነችው። ጠጣር ናሙና እንዲለሰልስ አሲድ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ አሲዱ ግን እነዚህን ክሪስታሎች ያሟሟቸዋል። በፖላራይዝድ ብርሃን ሲታይ አጫጭር፣ ጎናቸው የተንጋደደ ክሪስታሎች ሞልተውበታል። የካንሰር ሕዋስ የለም። ሲውዶጋውት ይባላል፣ ሪህ መሰል እንደማለት፤ አረጋውያን ጉልበትና የእጅ አንጓ ላይ የተለመደ ነው፣ መንጋጋ ላይ ግን ብርቅ ነው።

ክምሩ በቀዶ ሕክምና ወጣላቸው። ለክሪስታሉ መነሻ የሆነ ሌላ ችግር እንዳለ ለማየት የካልሲየም፣ የማግኒዥየም፣ የብረትና (ካልሲየምን የሚቆጣጠረው) የፓራታይሮይድ ሆርሞን ምርመራ ውጤት እየጠበቅን ነው። ቆሎ ገና ነው፤ እንጀራውን ግን ሽሮ ውስጥ አርሰው ይበላሉ። መቼ ትመጣለች እያሉ ይጠይቁኛል። ፊልሙን አስቀምጬልሻለሁ፣ ስትመጪ መስኮቱ ላይ ይዘን አብረን እናየዋለን።

አባትሽ