አርኬያዎችን ከፍል ውኃ አውጡልን

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ በሳይንስ ዓምድ ስለ አርኬያዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። እነዚህ ረቂቅ ተሕዋስያን ሌላ ፍጥረት በማይደፍረው የፈላና የመረረ ቦታ ብቻ የሚኖሩ ተደርገው ቀርበዋል። ከፎቶግራፉ ሥር ደግሞ «አደገኛ» ተብለዋል። ዕድሜዬን ባዮሎጂ በማስተማር የጨረስኩ ጡረተኛ ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ለአደገኛነቱ መልሱ አጭር ነው፤ በሰው ላይ በሽታ እንደሚያመጣ በእርግጠኝነት የተረጋገጠ አርኬያ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የፈላውን ቦታ አልክድም። ከሕንድ ውቅያኖስ ወለል ፍል ምንጭ የተገኘ አንድ ሚቴን አምራች አርኬያ በከፍተኛ ግፊት ውስጥ በ122 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲራባ ታይቷል። ያስደንቃል፣ ጋዜጣም ያሸጣል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1992 ኤድዋርድ ዲሎንግና ጄድ ፉርማን በየፊናቸው ቀዝቃዛና ኦክስጅን ያለበትን ተራ የባሕር ውኃ ቀድተው ዘረ መሉን ሲመረምሩ አርኬያዎችን አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2001 ከሃዋይ አቅራቢያ የተደረገው ቆጠራ ይፋ ሲሆን ደግሞ፣ ከ1,000 ሜትር በታች ባለው ጨለማ ቁጥራቸው ከባክቴሪያዎች ጋር ለመስተካከል የተቃረበ መሆኑ ታወቀ። ጽሑፋችሁ ይህን አንድም ቦታ አላነሳውም።

ከእነዚህ መካከል ናይትሮሶፑሚለስ ማሪቲመስ የተባለችውን ላስተዋውቃችሁ። ተለይታ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ያውም ከውቅያኖስ ጥልቀት ሳይሆን ሲያትል ከተማ ውስጥ ለሕዝብ ከሚታይ የዓሣ ገንዳ። ውፍረቷ 0.2 ማይክሮ ሜትር ያህል ስለሆነ አምስት ሺህ ያህሉ ጎን ለጎን ቢሰለፉ አንድ ሚሊ ሜትር ይሞላሉ። ብርሃን አትሻም። ከዓሣ ሽንትና ከሚበሰብስ ነገር የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት ለውጣ ጉልበት ታገኛለች፤ በዚያም ጉልበት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ገላዋን ትሠራለች። አሞኒያው እዚህ ግባ የማይባል በሆነበት ውኃ እንኳን ለቅማ ታገኘዋለች፤ ተመሳሳይ ሥራ ያላቸው ባክቴሪያዎች ግን እዚያ የሚበሉት ያጣሉ። እርሷ የተወችውን ናይትራይት ሌሎች ተቀብለው ናይትሬት ያደርጉታል፤ ናይትሬቱ ከጥልቁ ውኃ ጋር ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ለባሕር ረቂቅ ዕፅዋት ማዳበሪያ ይሆናል። እነዚህ አርኬያዎች ሲሞቱ የሽፋናቸው ቅባት በደለል ውስጥ ይቀራል። ተመራማሪዎች የጥንቱን ባሕር ሙቀት የሚገምቱት ይህንኑ ቅባት እየመረመሩ ነው።

በባሕሩ ወለል ጭቃ ውስጥ ከባክቴሪያ ጋር ተጣብቀው ሚቴን የተባለውን ጋዝ የሚበሉ አርኬያዎችም አሉ። አብዛኛውን ሚቴን ከደለሉ ሳይወጣ ያስቀሩታል።

ወደ ዝግመተ ለውጡ ልምጣ፤ ከሁሉ ያናደደኝ እዚያ ላይ ያለው ነው። ካርል ዎዝና ጆርጅ ፎክስ አርኬያዎች ከባክቴሪያ የተለዩ መሆናቸውን እ.ኤ.አ. በ1977 አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በግሪንላንድና በኖርዌይ መካከል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ከተወሰደ ጭቃ ሎኪ አርኬያ የተባሉ የአርኬያ ወገኖች ዘረ መል ተነበበ። የኛን ሕዋሳት ቅርጽ የሚይዘውን ውስጣዊ ማገር ከሚሠሩት ፕሮቲኖች ጋር የሚዛመዱ ጂኖች ተገኙበት። የጃፓን ተመራማሪዎች የዚህን ወገን ዘመድ በቤተ ሙከራ አሳድገው እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ አደረጉ፤ ሥራው ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። ሕዋሷ አንድ ጊዜ ለመከፈል ከ14 እስከ 25 ቀን ትፈልጋለች። (ተማሪዎቼ ባቄላ እስኪበቅል መታገሥ ያቅታቸው ነበር።) ብቻዋን አትኖርም፤ ከጎረቤት ረቂቅ ሕዋስ ጋር ተደጋግፋ ነው። ከገላዋም ረጃጅም ክንዶች ትዘረጋለች። ተመራማሪዎቹ፣ የጥንት አርኬያ ኋላ ሚቶኮንድሪያ (በሕዋሳችን ውስጥ ጉልበት የሚያመነጨው ክፍል) የሆነውን ባክቴሪያ በእንዲህ ዓይነት ክንዶች አቅፎ ሳያስቀረው አልቀረም ይላሉ። አካሄዱ ገና ያከራክራል፤ አርኬያዎች ከኛ ጋር ያላቸው ዝምድና ማስረጃ ግን እየጠነከረ መጥቷል።

እናንተ የሳላችሁት የሕይወት ዛፍ ግን አርኬያን «ጥንታዊ» ብሎ ከግንዱ ሥር ጥሎ፣ ሰውን ከሩቅ ጫፍ ሰቅሎታል። ዛሬ ብዙዎቹ የዘርፉ ሊቃውንት እንስሳት፣ ዕፅዋትና ፈንገሶች የበቀሉበትን ቅርንጫፍ የሚስሉት ከአርኬያዎቹ ቅርንጫፍ ውስጥ አውጥተው ነው። ሥዕሉ በሚቀጥለው እትም ታርሞ ይውጣ፤ ተማሪዎች ቆርጠው ደብተራቸው ላይ ይለጥፉታልና።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር