ታናሻችን ጫቱን እንዲተው

እታለም፣ አሰላሙ ዐለይኩም። እናታችን ጉልበቷን እንዴት አደረጋት?

«በስልክ የሚሰጥ የሱስ ሕክምና አለ ይላሉ፣ እውነት ነው?» ብለሽ ጽፈሻል። አለ። እዚህ አሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት (ኤፍዲኤ) እ.ኤ.አ. በ2017 ሪሴት የሚባለውን መተግበሪያ ፈቅዶ ነበር፤ ለኮኬይንና ለመሰል ዕፆች፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ ለ12 ሳምንት፣ ከክሊኒክ ክትትል ጋር። አጭር ትምህርት ይነበባል፣ ጥያቄ ይመለሳል፣ ሽንቱ ተመርምሮ ከዕፅ ንጹሕ ለሆነ ሽልማት አለው። የሠራው ኩባንያ በ2023 ስለ ከሰረ እሱን አትፈልጊ፤ ለጫት ተብሎም አልተሠራም። ለእኛ የሚሆነን የሽልማቱ ዘዴ ነው።

መጀመሪያ ልጁ ራሱ ይስማማ። ሐራራው የሚነሣው ከምሳ በኋላ በበርጫ ሰዓት ስለሆነ፣ 7 ሰዓት ላይ የስልኩ ደወል ይጥራ፤ ሐራራውን ከ0 እስከ 10 ገምቶ ይላክልኝ። ግምቱ ከ7 ካለፈ እደውላለሁ። ማታ 12 ሰዓት ላይ በቪዲዮ ምላሱን ያሳየኝ። የላቦራቶሪ ምርመራን አይተካም፤ ግን ሲቅም የዋለ ምላስ አረንጓዴነቱ ቶሎ አይለቅም።

ሳይቅም ለዋለበት የመጀመሪያ ቀን 20 ብር፣ ከዚያ በየቀኑ 5 ብር እየጨመረ እስከ 100። ከቃመ ወደ 20 ይመለሳል፤ 5 ቀን ተከታትሎ ከዋለ ግን የነበረበት ላይ ይወጣል፣ አለዚያ ተስፋ ይቆርጣል። ያልደወለበት ቀን እንደ ቃመ ይቆጠር። መብራት ወይም ኔትወርክ ከጠፋ አንቺ አይተሽ በወረቀት ጻፊ። ብሩን በዚያው ምሽት በቴሌብር ላኪለት፤ «ቅዳሜ እሰጥሃለሁ» ከተባለ ሁሉም ነገር ይበላሻል። ሲሳሳት አትቆጪው፣ የቀረበት ብር ይበቃዋል።

የቃሚዎቹን የቴሌግራም ግሩፕ አብራችሁ አጥፉት። ስልኩ ራሱ ወደ በርጫ ይጠራዋልና።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ፣ ድካምና ዱካክ (ቅዠት) ይበዛበታል። አባባ «ሰነፈ» እንዳይለው አደራ። ስለ መሞት ካወራ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ደሴ ወደ አእምሮ ሐኪም ውሰጂው። ወዳጃ (የዱዓ ስብስብ) ላይ ጫቱ ሲዞር እንዳይቸገር ለአባቶች ቀድመሽ ንገሪ፤ ለዱዓውና ለቡናው ይቀመጥ።

ወሩን ሙሉ ሳይቅም ከዋለ 2,320 ብር ይደርሳል፤ ይህንኑ ልኬልሻለሁ። የምትጀምሩበትን ቀን ጻፊልኝ፣ ሰዓቴን አስተካክላለሁ።

ወንድምሽ