ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለዚያች «የስ»

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ኤክስኤምኤልን (መረጃ በታግ፣ ማለትም በማዕዘን ቅንፍ በታጠረ ስም፣ የሚደራጅበትን ፋይል) ወደ ድረ ገጽ ስለሚቀይረው ስለ ኤክስኤስኤልቲ ቋንቋ ትናንት በስልክ የነገርከኝ ነገር ሲያብሰለስለኝ አደረ። ደምቆ መውጣት የነበረበት ቃል ገጹ ላይ ከነ«<» እና «>» ምልክቱ ታየ፤ ጓደኛህ «ዲሰብል አውትፑት ኤስኬፒንግን (ምልክቶቹ በኮድ እንዳይተኩ የሚያዝዘውን ቅንብር) የስ በለው» አለህ፤ አንተ ጋ ሠራ፣ ፋየርፎክስ ላይ ግን ያው ሆነ። ፋየርፎክስ አልተበላሸም፣ አባቴ።

ኤክስኤስኤልቲ ታግ አይጽፍም። አንድ ዛፍ፣ ማለትም ክፍሎቹ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ የሰነድ መዋቅር፣ አንብቦ ሌላ ዛፍ ይሠራል። ዛፉን ወደ ጽሑፍ የሚገለብጠው በመጨረሻ የሚመጣው ሲሪያላይዘር ነው፤ ጽሑፍ መሀል «<» ወይም «&» ሲያገኝ በምትክ ኮድ የሚተካውም እሱ ነው። ያቺ «የስ» ለሲሪያላይዘሩ ብቻ የተላከች መልእክት ናት። ፋየርፎክስ ደግሞ ዛፉን እንዳለ ገጽ ያደርገዋል እንጂ ወደ ጽሑፍ አይገለብጠውም፤ ስለዚህ መልእክቷን የሚቀበላት የለም። የ1999ኙ የመጀመሪያው የኤክስኤስኤልቲ ደንብም ቢሆን ማንንም እንዲቀበላት አያስገድድም።

እኔም ጀማሪ ሳለሁ ተሳስቻለሁ። የዕቃ ዝርዝር በሰንጠረዥ ሳወጣ፣ በየሦስት ዕቃው አዲስ ረድፍ እንዲጀመር የረድፉን መዝጊያና መክፈቻ ታግ እንደ ተራ ጽሑፍ ጻፍኩና «የስ» አልኩበት። አማረ። ከወራት በኋላ አንድ ባልደረባዬ ያንኑ ውጤት ቫሪያብል (ውጤት በጊዜያዊነት የሚያዝበት ስም) ውስጥ አስገብቶ እንደገና ሊሠራበት ሲል፣ ሲሪያላይዘሩ ገና ስላልደረሰበት ዕቃው ሁሉ አንድ ረድፍ ላይ ተደርድሮ፣ ታጎቼ በየመሀሉ እንደ ቃል ተነበቡ። መፍትሔው እኮ ቀላል ነበር፦ 1ኛውን፣ 4ኛውን፣ 7ኛውን ዕቃ ብቻ መርጦ ለእያንዳንዱ ረድፍ መክፈት፣ ከዚያም እሱንና ቀጣዮቹን ሁለት እዚያው ውስጥ ማስገባት። ይህን ለመረዳት ስንት ሌሊት እንደፈጀብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

ወዳንተ ስመለስ፣ ጽሑፉ ከየት እንደሚመጣ እይ። ሲዳታ (ምልክቶቹ ሁሉ እንደ ተራ ፊደል የሚነበቡበት የኤክስኤምኤል ክፍል) ውስጥ ከሆነ፣ ያዘጋጁት ሰዎች «ይህ ተራ ጽሑፍ ነው» ብለው አሽገውልሃል ማለት ነው። ሲዳታውን አንስተው እውነተኛ ኤለመንት (በመክፈቻና በመዝጊያ ታግ የታቀፈ ክፍል) አድርገው እንዲልኩልህ ለምናቸው፤ ያኔ ጽሑፉን ብቻ በሚያወጣው «ቫልዩ ኦፍ» ፋንታ ኤለመንቱን ከነመዋቅሩ የሚቀዳውን «ኮፒ ኦፍ» ብትል ይበቃሃል። እምቢ ካሉህና ፕሮሰሰርህ (ኤክስኤስኤልቲን የሚያስኬደው ፕሮግራም) የ3.0 ደንብን የሚያውቅ ከሆነ፣ «ፓርስ ኤክስኤምኤል ፍራግመንት» የሚባለው ትእዛዝ ጽሑፉን ወደ ዛፍ ይመልስልሃል፤ ያልተዘጋ ታግ ካለበት ግን አይቀበልም። የምትፈልገው አንድ ምልክት በልዩ መልክ እንዲወጣ ብቻ ከሆነ፣ ከ2007ቱ የ2.0 ደንብ ወዲህ ካራክተር ማፕ (የትኛው ምልክት በምን እንደሚተካ የሚነገርበት ሰንጠረዥ) አለልህ።

የማላልፍልህ አንድ ነገር አለ። ጽሑፉ ማንም ሰው ቅጽ ላይ የሚሞላው ከሆነ «የስ»ን በፍጹም እንዳትነካት። አንዱ ስክሪፕት (ብራውዘር የሚያስኬደው ኮድ) ሸጉጦ ቢልክ በሰው ብራውዘር ላይ ይሠራል፤ ያን ያህል የዋህ ሆነህ እንድትገኝ አልፈልግም።

ፋይሉንና ስታይልሺቱን (ኤክስኤስኤልቲው የተጻፈበትን ፋይል) ላክልኝ፤ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አብረን እንከፍተዋለን። ራትህን ሳትበላ እንዳታመሽ።

እናትህ